የአጥንት ሕክምና ወደ ሀዋሳ የመጣበት መንገድ



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዶክተር፣ ልጄ ወድቆ እጁ አብጧል። ወጌሻ ጋ ልውሰደው ወይስ ሆስፒታል?» መልሱን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያው አደርጋለሁ። ግን ከጥያቄው ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ። አያቶቻችን ይህን ጥያቄ አልጠየቁም፤ ምርጫ አልነበራቸውማ። ዛሬ ሀዋሳ ላይ ሆኖ «የቱ ይሻላል?» ማለት መቻል ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ የአጥንት ሕክምና ወደዚህች ከተማ እንዴት እንደመጣ ላጫውታችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን በመሐሉ የልጃችሁን እጅ ሊያተርፍ የሚችል ነገር ስላለ ታገሱኝ።

ሀዋሳ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ዘመናዊ ሕክምናም ቀድሞ የተተከለው እዚያ ነው። የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን ሰዎች በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደቡብ መጥተው፣ ለረጅም ዓመታት በይርጋለም ሆስፒታል አገልግለዋል። በዚያ ዘመን አንድ ሐኪም ሁሉንም ነበር። ምጥ የጠናባትን ያዋልዳል፣ አንጀት የታጠፈበትን ይቀድዳል፣ የወባ በሽተኛ ያያል፣ የተሰበረም ካለ ጀሶ ያደርጋል። ለአጥንት ብቻ የተመደበ ሐኪም በአካባቢው አይታሰብም ነበር።

ታዲያ የተሰበረው ሕዝብ ማን ጋ ይሄድ ነበር? ወጌሻ ጋ ነዋ!

ስለ ወጌሻ ስናወራ እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አንድ ስህተት እንሠራለን፤ በንቀት እንጀምራለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ ሕዝብ ለዘመናት የቆመው በወጌሻ እጅ ነው። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የእጅ ልምድ አለ። ጥሩ ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲያስገባ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሥራቸውም ከእኛ ሥራ በመሠረቱ የራቀ አይደለም፤ የተጣመመውን ማቃናት፣ እንዳይንቀሳቀስ መደገፍ፣ እስኪገጥም መጠበቅ። ድጋፉ በሲዳማ ደጋ በብዛት ከሚበቅለው ቀርከሃ የተሰነጠቀ ዘንግ ሊሆን ይችላል፤ ማሰሪያውም ጨርቅ ወይም ልጥ።

እንዲያውም የዘመናዊው የአጥንት ሕክምና አንዱ ሥር የወጌሻ ቤት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ከተማ ህዩ ኦወን ቶማስ የሚባል ሐኪም ነበር። ቤተሰቡ ከዌልስ የመጣ፣ ከትውልድ ትውልድ አጥንት የሚጠግን የወጌሻ ቤተሰብ ነው። እሱ ግን ሕክምና ተምሮ፣ የቤተሰቡን የእጅ ልምድ ከትምህርቱ ጋር አዋሐደ። ለተሰበረ ጭን የሠራው የብረት ድጋፍ፣ ከሞተ በኋላ፣ በእሱ ሥር የተማረው ሮበርት ጆንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰፊው እንዲሠራበት አደረገ። በጭን ስብራት የሚሞቱ ወታደሮችም በጣም ቀነሱ። ያ ድጋፍ ዛሬም በስሙ «የቶማስ ድጋፍ» ይባላል።

«ኦርቶፔዲክስ» የሚለው ቃል ራሱ ስለ ልጆች ነው። በ1741 እ.ኤ.አ. ኒኮላ አንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሁለት የግሪክ ቃላት የፈጠረው ሲሆን፣ አንዱ «ቀጥ ያለ»፣ ሌላው «ልጅ» ማለት ነው። መጽሐፉንም የጻፈው ለሐኪሞች ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው እንዳይጣመሙ ለሚጨነቁ ወላጆችም ነው። እኔም ዛሬ የምጽፈው ለእናንተው ነውና ብዙ አልራቅንም።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ የማሰሩ ጥብቀት ላይ ነው።

አጥንት ሲሰበር ዙሪያው ያብጣል። እብጠቱ ወዲያው አያልቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እየጨመረ ይሄዳል። በተሰበረበት ሰዓት ልክ የነበረ ማሰሪያ፣ ማታ ላይ ጠባብ ይሆናል። ጨርቁ አይለጠጥም፣ ቀርከሃው አይለጠጥም፤ የሚጨመቀው ሥጋው ነው። መጀመሪያ ደም ወደ ልብ የሚመለስባቸው ሥሮች ይዘጋሉ፤ እብጠቱም ይብሳል። ቀጥሎ ደም ወደ ጡንቻው መድረሱ ይቆማል። ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም የሚቆየው ለ6 ሰዓታት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ መሞት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጁ በመጀመሪያው ሌሊት ይጮኻል። ቤተሰቡ «አይዞህ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይለዋል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ልጁ ዝም ይላል። ቤተሰቡ ተመስገን ይላል። ግን ልጁ ዝም ያለው ስለተሻለው ላይሆን ይችላል፤ ሕመሙን የሚያደርሰው ነርቭ ስለሞተ ይሆናል። ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቁረጥ። በዛፍ መውደቅ የጀመረ፣ በጀሶ ብቻ ሊድን ይችል የነበረ እጅ ነው የሚቆረጠው። በጥቁር አንበሳና በሌሎች የአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ከስብራት በኋላ ጠብቆ የታሰረ ማሰሪያ ነው።

መፍትሔው ወጌሻን ማሳደድ ነው? አይመስለኝም። ዶ/ር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በ2005 እ.ኤ.አ. በአንድ የታወቀ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ወጌሾችን ሰብስበው የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጡ። ጠብቆ ማሰር ምን እንደሚያስከትል፣ ጣት ሲቀዘቅዝ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ የትኛው ስብራት ቶሎ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት አስረዷቸው። ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር በግልጽ ቀነሰ። አንድ ቀን ብቻ! ይህን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር ለምን በየወረዳው በየዓመቱ እንደማይደረግ አይገባኝም።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ሀዋሳ ካደገች በኋላም ለረጅም ጊዜ ለከባድ የአጥንት ችግር የሚደረገው ነገር አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ መላክ። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፖሊዮ እግሩ የከሳ ልጅ ከሆነ በ1962 እ.ኤ.አ. መናገሻ ላይ የተቋቋመው ቼሻየር፣ በሥጋ ደዌ እጅና እግሩ የተጎዳ ከሆነ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት ይረዱት ነበር። ስብራት ከሆነ ጥቁር አንበሳ። አገራችን የራሷን የአጥንት ስፔሻሊስቶች ማሠልጠን የጀመረችው እዚያ ነው። ለረጅም ጊዜም በመላ አገሪቱ የነበሩት የአጥንት ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሲዳማ ገጠር በሬ ሸጦ፣ የተሰበረ ዘመዱን በአውቶቡስ ወንበር ላይ አስተኝቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ አልጋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ምን እንደሚያወጣ ማስላት ለእናንተ አይከብድም። ብዙው ሰው ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ ወጌሻውን መረጠ። ድንቁርና አልነበረም፤ ሂሳብ ነበር።

ለውጡ የመጣው በትምህርት በኩል ነው። በሀዋሳ መጀመሪያ የተከፈተው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ በ1976 እ.ኤ.አ.። በኋላ ይህ ኮሌጅ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የጤና ትምህርቱ ወደ ሀዋሳ ሲመጣ የማስተማሪያ ሆስፒታል ግድ ሆነ። ብዙዎቻችሁ እስከ ዛሬ «ሪፈራል» የምትሉት ሆስፒታል በ1998 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሙሉ ስሙ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከሲዳማ ብቻ ሳይሆን ከአጎራባች የኦሮሚያና የደቡብ አካባቢዎችም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይጠብቀዋል። አሁን የአጥንት ስፔሻሊስቶችንም እዚያው ያሠለጥናል። ማለትም በአንድ ወቅት በሽተኛ ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ከተማ፣ ዛሬ የአጥንት ሐኪም ለሌሎች ከተሞች ታፈራለች።

ግን «ሆስፒታል ተከፈተ» ማለት «የአጥንት ሕክምና ተጀመረ» ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውምና ቆም ብዬ ላስረዳ።

የአጥንት ክፍል ከሌላው የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚለየው በዕቃ ብዛት ነው። ራጅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ቀዶ ሕክምናው እየተሠራ አጥንቱን በስክሪን የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ራጅ። መሰርሰሪያ፣ በየመጠኑ ብሎን፣ ሳህን፣ ዘንግ ያስፈልጋል። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ደም ባንክ፣ የጀሶ ክፍል፣ ጀሶ መቁረጫ፣ ፊዚዮቴራፒ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ስፔሻሊስቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ብሎኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ዶላር ሲጠፋ ብሎንም ይጠፋል።

ለምሳሌ የጭን አጥንት ስብራትን እንውሰድ። በድሮው አሠራር የጭን አጥንቱ የተሰበረ አዋቂ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እግሩ በገመድና በክብደት ይጎተታል። ክብደቱ ሲጠፋ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ወይም ድንጋይ ይንጠለጠላል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር፣ አንዳንዴ ሦስት ወር ይተኛል። ጀርባው ይቆስላል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ አንዳንዱም አጥሮ ይገጥማል። አስታማሚው ደግሞ ያንን ሁሉ ጊዜ ከእርሻው ርቆ ኮሪደር ላይ ያድራል። ለሆስፒታሉስ? አንድ አልጋ ለሦስት ወር ተያዘ ማለት ነው። አሥር እንዲህ ያለ ሰው ከገባ ክፍሉ ሞላ፤ ቀጣዩ የተሰበረ ሰው ቦታ የለውም።

በአጥንቱ መሐል የሚገባ የብረት ዘንግ ይህን ቀየረው። በቬትናም ጦርነት ወታደራዊ ሐኪም የነበረ ሉዊስ ዘርክል የሚባል አሜሪካዊ በ1999 እ.ኤ.አ. «ሳይን» የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ዘንግ የተነደፈው እንደኛ ላሉ አገሮች ነው፤ ያ ውድ የስክሪን ራጅ ባይኖርም ሐኪሙ ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ይችላል። አሠራሩም ቀላል ነው። ሆስፒታሉ የሠራውን ቀዶ ሕክምና ከነራጁ ለድርጅቱ ይልካል፣ ድርጅቱ በምትኩ ሌላ ዘንግ ይልካል። በጥቁር አንበሳም፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የወላይታ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ብዙ ሰው በዚህ ዘንግ ቆሟል። ዘንግ የገባለት ሰው በቀናት ውስጥ በክራንች ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስት ወር ተይዞ የነበረው አልጋ በሳምንት ይለቀቃል። የአጥንት ክፍል እድገት ማለት ለእኔ ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ አልጋ ሳይጨመር የሚታከመው ሰው በዛ።

ለልጆች የመጣው ትልቅ ለውጥ ደግሞ ያለ ቢላ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። እግራቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ድሮ እርግማን ተብሎ የሚደበቁ ልጆች ነበሩ፤ በመድኃኒት ያልተገኘው በስለት የሚፈለግላቸው። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉ፣ ስፔን ተወልደው አሜሪካ የሠሩ ሐኪም፣ ይህ እግር በእጅ ቀስ እያሉ በማቃናትና በየሳምንቱ ጀሶ በመቀየር እንደሚስተካከል አሳዩ። አብዛኛው ሕፃን ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ላይ በመጨረሻ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ ጅማቱ መልሶ ይገጥማል። በኢትዮጵያ ይህን ሕክምና በማስፋፋት በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ትልቅ ድርሻ አለው። ዛሬ በክልል ሆስፒታሎችም ይሰጣል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አደራ የምለው ስለ ጫማው ነው። ጀሶው ካለቀ በኋላ ልጁ በብረት የተያያዘ ጫማ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ለሦስት ወር ቀንም ሌሊትም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሲተኛ ብቻ። «እግሩ ቀጥ ብሏል፣ ለምን አሠቃየዋለሁ» ብላችሁ ጫማውን ከተዋችሁት እግሩ ይመለሳል። ልጁ ሲያለቅስ አንጀታችሁ እንደሚንሰፈሰፍ አውቃለሁ። ግን ተመልሶ የሚመጣው እግር ሁለተኛ ጊዜ ሲታከም ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ፖሊዮን በተመለከተ ደግሞ ታሪኩ ደስ ይላል። በአገራችን የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ ሕመምተኛ የተገኘው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ድሮ የአጥንት ማዕከላትን የሞሉት የፖሊዮ ልጆች ዛሬ ከክፍሎቻችን ጠፍተዋል ማለት ይቻላል፤ ያጠፋቸውም ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ክትባት ነው። አጥንት ሐኪም ሆኜ ይህን ስናገር አላፍርም።

በእነሱ ቦታ ግን ሌላ መጣ። ሀዋሳ ውስጥ ጋሪ ይጎትት የነበረውን መንገድ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ወሰደው። ከተማዋ ሰፋች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ሕዝቡ በዛ፣ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻም የሲዳማ ክልል መዲና ሆነች። ከመንግሥት ሆስፒታሎች ሌላ የአጥንት ስፔሻሊስት ያላቸው የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ተከፍተዋል። የእነዚህ አነሳስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንድ ስፔሻሊስት ከመደበኛ ሥራው ውጭ ማታ በኪራይ ክፍል ማየት ይጀምራል፤ ከዚያ ራጅ ይጨመራል፤ ከዚያ የጀሶ ክፍል፤ አቅም ሲገኝ የቀዶ ክፍልና አልጋ። ይህ ጥሩ ነው፤ የሪፈራሉን ሰልፍ ያቀልላል። ዋጋው ግን ለሁሉም ኪስ አይሆንም። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት መሄድን አትርሱ፤ ወረቀቱ ሳይያዝ የሚከፈለው ገንዘብ ከኪሳችሁ ነው።

ስለ ግል ክሊኒክ ስትጠይቁኝ «የቱ ጥሩ ነው?» ትሉኛላችሁ። ስም አልጠራም። ይልቅ ጀሶ ከማስደረጋችሁ በፊት በሩ ላይ ሆናችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ሌሊት ቢያብጥ ማን ይከፍትልናል?» ግልጽ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ቅድም ስለ ቀርከሃው የነገርኳችሁ ነገር ሁሉ በጀሶም ይደርሳልና። ጀሶ በሐኪም ስለተደረገ አይለጠጥም። ጠብቆ የታሰረ ማሰሪያ የወጌሻም ይሁን የእኛ፣ ለጡንቻው አንድ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ ያለው መንገድ በ60 ዓመት ውስጥ አጠረ፤ ያ የ6 ሰዓት ጊዜ ግን አልረዘመም።

ስለዚህ ልጃችሁ ጀሶ ወይም ማሰሪያ ካደረገ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች እንዲህ አድርጉ። እጁን ወይም እግሩን በትራስ ከልቡ ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት። ከመተኛታችሁ በፊትና ሌሊት አንድ ሁለት ጊዜ ተነስታችሁ ጣቶቹን እዩ። ይሞቃሉ? ቀለማቸው ከሌላኛው እጅ ጋር አንድ ነው? ሲነኩት ይሰማዋል? ጣቶቹን ስትዘረጉለት ከመጠን ያለፈ ያመዋል? ማስታገሻ ወስዶም ለቅሶው እየጨመረ ነው? ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙ ከባሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። የጨርቅና የቀርከሃ ማሰሪያ ከሆነ እዚያው ቤት ፍቱት፤ የተሰበረው አጥንት ቢንቀሳቀስም በኋላ ይቃናል። ጀሶ ከሆነ በቤት ቢላ አትታገሉት፤ ባጃጅ ጥሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ተረኛውን «ጀሶው ጠብቋል፣ አሁን ይከፈትልኝ» በሉት። ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ገና ነው ቢሏችሁም ከዚያ ሳትነሱ አስከፍቱት።